የሕማማት አበባ ሐረግና አሳዳጊዎችዋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአትክልት ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል የአትክልት ክበባችን በትምህርት ቤታችን ግንብ ሥር ሊተክላት ስላሰባት ስለ አንዲት ሐረግ ጥቂት እንድናገር ታዝዣለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናችኋለሁ።

ፍሬዋን ብዙዎቻችን ፓሽን ፍሩት ብለን እናውቀዋለን፤ አበባዋን አስተውሎ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። የትውልድ አገርዋ ደቡብ ብራዚል፥ ፓራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ነው። አበባዋ አሥር ነጫጭ ቅጠሎች አሉት፤ በላያቸውም ሥራቸው ሐምራዊ፥ ጫፋቸው ነጭ የሆነ ቀጫጭን ክሮች እንደ ዘውድ ክብ ሠርተው ይታያሉ። በመካከሉ አምስት ወንዴዎችና ሦስት የሴቴ ጫፎች ቆመዋል። የስፔን ሚስዮናውያን ወደ ደቡብ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ይህን አይተው ክሮቹን በእሾህ አክሊል፥ አምስቱን በቁስሎች፥ ሦስቱን በችንካሮች መሰሉአቸው። ጃኮሞ ቦዚዮ የተባለውም ጸሐፊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው ስለ መስቀል በሚናገር መጽሐፍ ስለዚህ አበባ ጽፎአል። ስለዚህ በዚህ ስም «ፓሽን» ማለት ሕማማት ማለት ነው። በእኛ አገር ትውፊት ግን ቅንዋተ መስቀል አምስት ስለ ሆኑ፥ አባቶቻችን ቢያዩአት ኖሮ ምናልባት በሌላ መንገድ ይቈጥሩአት ነበር።

ሐረጊቱ ያለ ድጋፍ አትቆምም። ከቅጠሎችዋ ሥር እንደ ክር የቀጠኑ እጆች እያወጣች ያገኘችውን ትይዛለች። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1865 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጥናት የዚችን ሐረግ አንዲት ዘመድ እጅዋን ሲነካት በግማሽ ደቂቃ ያህል ጊዜ መታጠፍ እንደ ጀመረች ገልጾአል። እንግዲህ ድጋፍ ቢያጡ በራስዋ ላይ ይጠመጠማሉና፥ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሽቦ አስቀድሞ ሊወጠርላት ይገባል።

አተካከልዋም እንዲህ ነው። ከበሰለ ፍሬ የወጣው ዘር ታጥቦ ሳይቈይ በጥር ወይም በየካቲት በችግኝ ከረጢት ይዘራል። በሰኔ ዝናሙ ሲጀምር ችግኙ ሦስት ሜትር ያህል እየተራራቀ ይተከላል። ሥርዋ ወደ ጥልቅ የማይወርድ ስለ ሆነ ውሃ ቢተኛባት ትበሰብሳለች፤ ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጎ መትከል፥ በበጋም ሥርዋን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ማልበስና ማጠጣት ያስፈልጋል። ፍግ ይጠቅማታል፤ ሲበዛባት ግን ቅጠል ብቻ ታበዛለች እንጂ አታብብም። ቅጠልዋና ጥሬ ፍሬዋ መርዝነት ስላላቸው ሕፃናትም ፍየሎችም እንዳያኝኩአቸው መጠንቀቅ ይገባል።

ሐምራዊ ፍሬ የምትሰጠው ዓይነት አበባዋን ማለዳ ከፍታ ቀትር ሳይደርስ ትዘጋለች። የአንዱ አበባ ዕድሜ ያች አንዲት ቀን ብቻ ናት። በዚያች ጊዜ እንጨት እየበሳች የምትኖረው ትልቅዋ ጥቁር ንብ ወይም ሌላ ንብ የአበባውን ዱቄት ካደረሰችለት፥ ከ70 እስከ 80 ቀን ውስጥ ፍሬው ይበስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐረጊቱ ለብርድ ለጋ ናት። እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አንድ ሌሊት ብቻም ለጋውን ቀንበጥ ሊያቃጥለው ይችላል። መከላከያው ግን ከባድ አይደለም። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል፥ ወደ ደቡብ በሚያይ ግንብ ሥር ብትተከል ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣታል። ማታ በጆንያ ትሸፈናለች፤ ጧት ፀሐይ ሲወጣ ትገለጣለች። ቀንበጥዋ በውርጭ ቢቃጠልም ብርዱ እስኪያልፍ አይቈረጥ፤ ከግንድዋ ዳግመኛ ልታቈጠቍጥ ትችላለችና።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እስቲ ወራቱን ቍጠሩልኝ። ዘሩን በጥር የምንዘራው፥ ችግኙን በሰኔ የምንተክለው እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ ግን እኛ ከዚህ የለንም። ከዘር እስከ ፍሬ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፥ ከፍሬው አንድም አንቀምስም። በያመቱ ክረምት በአገራችን ችግኝ በሰልፍ ሲተከል እናያለን፤ በኅዳር ተመልሶ የሚያየው ግን ሁልጊዜ አይገኝም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሳደግ ግን የብዙ ማታና ጧት ሥራ ነው።

ስለዚህ ክበባችን ሦስት ነገር ይለምናል። የ9ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ የሚሸፍን ጧት የሚገልጥ ባለ ተራ ከመካከላችሁ መድቡልን፤ ስሙም በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወላጆቻችን፥ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ጆንያና ትርፍ ሽቦ ስጡን። መምህራኖቻችን፥ በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሃ እንዳይተኛባት የሚያይ አንድ ሰው ይሰየምልን።

ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በዓሉን የሚያከብረው ማንም የመሠረተው ብቻ ስላለ አይደለም፤ ከእርሱ የተቀበለ፥ የተቀበለውንም ለተከታዩ ያስረከበ ስለ ነበረ ነው። እኛም ሐረጊቱን እንተክላለን፤ እናንተ ጠብቁአት። ፍሬዋን ስትበሉም ዘሩን አትጣሉት፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት አስቀምጡላቸው።