ከአንድ መሶብ



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ቤተሰብ ጤንነት ነው። ቤተሰቡም የሌላ ሰው አይደለም፤ የራሴው ነው። አስቀድሜ ግን ላስታውቃችሁ የሚገባኝ ነገር አለ፤ ይኸውም እኔ ሐኪም አለመሆኔ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ መዝገብ ሳገላብጥና ደብዳቤ ሳረቅ ነው። ስለዚህ የምናገረው ከሐኪሞች የሰማሁትንና በቤቴ ያየሁትን ብቻ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደ እኔው ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ የምትውሉ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆናችሁ፥ የእኔ ነገር ከእናንተ ነገር የራቀ አይመስለኝም።

ነገሩ የጀመረው በመነጽር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ፊደል እየደበዘዘ ቢያስቸግረኝ መነጽር ለማሳዘዝ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ነርስ ክንዴን ጠምጥማ የደም ግፊቴን ለካችና፥ ቁጥሩን አይታ ዝም ብላ እንደገና ለካች። 170 በ110 ነበረ። እኔም «ምንም አላመመኝም እኮ» ብዬ ተከራከርሁ። እርሷም «ክፋቱ እርሱ ነው» ብላ ወደ ሐኪሙ መራችኝ።

በሕዝባችን ዘንድ ይህ በሽታ «ደም ብዛት» ይባላል። ስሙ ሰውን ያሳስታል። ደሜ በዝቷል ብሎ የሚያስብ ሰው በዋግምት ጥቂት ደም ቢያስወጣ የሚድን ይመስለዋልና። የበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበት ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፥ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሞች በሽታ ነው ይሉታል። ሳያሳምምና ሳያስታውቅ ለብዙ ዓመት የደም ሥሮችን ሲጎዳ ይቆይና፥ አንድ ቀን በአንጎል ወይም በልብ ወይም በኩላሊት፥ አንዳንድ ጊዜም በዓይን ብርሃን ላይ ይገለጣል።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዙልኝ፤ ጨው እንድቀንስና በእግሬ እንድሄድም መከሩኝ። ኪኒኑን መዋጥ ቀላል ነበረ። የጨው ነገር ግን ከባድ ሆነ፤ ከባድ ያደረገውም ጨው ራሱ ሳይሆን መሶባችን ነው።

ባለቤቴ የሐኪሙን ቃል ለመፈጸም ስትል በማግሥቱ በትንሽ ድስት ጨው የሌለው ወጥ ለብቻዬ ሠራች። እርሷና ልጆቹ በመሶቡ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ለእኔ በሰሃን ቀረበልኝ። እንደምታውቁት በአገራችን ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ የታመመ ወይ የተቀየመ ነው። ትንሿ ልጄ «አባባን ማን ቀጣው?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እንግዳ በመጣ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ባሰ። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ሰሃኔን ቢያዩ አዘኑና፥ ከመሶቡ ደህና ጉርሻ ጠቅልለው እስከ አፌ አደረሱልኝ። የአማት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ደገሙልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ትንሹ ድስት ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፤ እኔም ወደ መሶቡ ተመለስሁ።

በዚሁ ጊዜ አክስቴ ሊጠይቁኝ መጡ። እኒህ ሴት እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ እናት የሆኑልኝ ናቸው። የኪኒኑን ብልቃጥ አገላብጠው አዩና «ልጄ፥ ይህ ነገር አንድ ጊዜ ከጀመርኸው እስክትሞት አይለቅህም። የተፈጥሮ መድኃኒት እያለልህ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው፥ በማር ለውሰው፥ በጠርሙስ አድርገው ሰጡኝ። በየማለዳው አንድ ማንኪያ እወስድ ጀመር፤ ኪኒኑንም በመሳቢያ ውስጥ ተውሁት። በጣም ደህና ነኝ እል ነበር። ቀድሞም 170 በ110 ሆኜ ሳለሁ ደህና ነኝ እል እንደ ነበር ግን አላስታወስሁም።

ሁለት ወር ያህል እንደ ቆየሁ፥ አንድ ሰኞ ጧት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስፈርም ብዕሩ ከጣቴ ወደቀ። ላነሣው ብል ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከፊቴ የተቀመጠውን ባልደረባዬን ልጠራ ብል ምላሴ ተሳሰረ፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ ስሙን አይመስልም ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሁሉም እንደ ነበረ ሆነ። እኔም ሥራዬን ልቀጥል ነበር፤ ባልደረባዬ ግን እሺ ሳይለኝ ክንዴን ይዞ ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሕይወቴን ለእርሱ የማመሰግነው በዚህ ነው።

ይህ አላፊ ስትሮክ የሚባለው ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በአንድ በኩል ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥና ይመለሳል። ምልክቱ ቢጠፋም የሚከተሉት ጥቂት ቀኖች ለትልቁ ስትሮክ የሚያሰጉ ስለሆኑ «አለፈልኝ» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ፊት ወደ አንድ ወገን ሲጣመም፥ አንዱ ክንድ ሲዝል፥ አንደበት ሲተሳሰር ያያችሁ እንደ ሆነ፥ የጀመረበትን ሰዓት ልብ ብላችሁ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። «ነፋስ መታው» እየተባለ በቤት ሲታሽ የሚያልፈው ሰዓት ተመልሶ አይገኝም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ታሪኬን ከሰሙ በኋላ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ነጭ ሽንኩርቱን ለምን በሉ አልልዎትም፤ ኪኒኑን ለምን ተዉ እልዎታለሁ» አሉኝ። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን ጥቂት ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች መኖራቸውን፥ ነገር ግን እንደ እኔ ላለ ሰው የኪኒኑን ቦታ ሊተካ እንደማይችል፥ አብዝቶ ቢወሰድም ደምን ሊያቀጥን ስለሚችል ለሐኪም መንገር እንደሚገባ አስረዱኝ።

ይህን ስል የአገራችንን መድኃኒት ማጥላላቴ እንዳይመስላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ ማደሪያ ስለሆነ፥ እናቶቻችን ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ያውቁት የነበረው ፍሬ ለብዙ አገር ተስፋ ሆነ። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ አይተው ዝም አላሉም፤ ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው መጠኑን ለብዙ ዓመት መረመሩ እንጂ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ለሰው ሆድ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። ኮሶም እንደዚሁ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አባት በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ትሉንም ያወጣለት ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ የማይጎዳ ቢሆን ኖሮ ኮሶም ትሉን ባልገደለ ነበር።

ከሆስፒታል በተመለስሁበት ማታ ባለቤቴ ትንሹን ድስት ከመደርደሪያው አውርዳ ለጎረቤት ሰጠች። «ከእንግዲህ ለብቻህ የሚሠራ የለም፤ ሁላችንም ያንተን እንበላለን» አለችኝ። ከአራት ዓመቱ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሐኪሙ ያዘዙት ለእኔ ነበር፤ የሚበላው ግን በአንድ መሶብ ነበረ።

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር የሒሳብ ሠራተኛ የሚያደርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማያህል ነው፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኛ ስድስት ነን። ሁላችንንም እንደ ጎልማሳ ብንቆጥር በቀን 30 ግራም ነው፤ እንግዲያውስ አንድ ኪሎ ጨው ከ33 ቀን በላይ ሊቆይ ይገባዋል። የጨውን ዕቃ አጥባ አንድ ኪሎ ገለበጠችና ቀኑን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፈች። በ16ኛው ቀን አለቀ። ከሚገባው እጥፍ እንበላ ነበር ማለት ነው፤ በዳቦውና ከቤት ውጭ በምንበላው ውስጥ ያለው ጨው ሳይቆጠር። እናንተም በየቤታችሁ ይህን ብታደርጉ ከአንድ እርሳስ በቀር ወጪ የለውም።

ጨው በብዙ በር ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለበት፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አለበት፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደ አዲስ ይጨመራል። ስለዚህ በርበሬውና ሽሮው ወደ ወፍጮ ሲሄዱ ያለ ጨው እንዲሄዱ፥ ጨውም አንድ ጊዜ ብቻ፥ ወጡ ሊወጣ ሲል፥ በማንኪያ ተለክቶ እንዲገባ ሆነ። መጨረሻ ላይ መግባቱ ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ ታዟል፤ አዮዲን ደግሞ በእሳት ይቀንሳል። አዮዲን ያጣ ሰው እንቅርት ይወጣበታል፤ በማኅፀን ያለ ልጅ ቢያጣው አእምሮው ይጎዳል። እንግዲህ ጨው ይቀነስ እንጂ ይቅር አላልሁም፤ አዮዲን ያለበት፥ በክዳን የተጠበቀ ይሁን።

የመጀመሪያው ወር የአድማ ወር ነበረ። ሁለተኛው ልጄ ወጡን «የሆስፒታል ወጥ» ብሎ ስም አወጣለት። ምላስ ግን ጥቂት ሳምንታት ከታገሡት ይለምዳል። ዝንጅብሉ፥ ኮረሪማው፥ በሶብላው፥ ጥቁር አዝሙዱ የጨውን ቦታ ያዙ፤ የአክስቴም ነጭ ሽንኩርት በመጨረሻ ደህና ሥራ በድስቱ ውስጥ አገኘ። ዛሬ ልጄ በሆቴል ሲበላ «ጨው በዛበት» ብሎ የሚያማርረው እርሱ ነው።

የሚረጋውን ዘይት በኑግና በሱፍ ዘይት ለወጥነው፤ መጠኑንም ቀነስነው። በዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ቃል ልናገር። ሐኪሞች ለደም ግፊት የሚመክሩት ምግብ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በአሜሪካ በታተመው ታላቅ ጥናት በሁለት ወር ውስጥ ግፊትን ዝቅ ያደረገው ማለት ነው፥ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት ቅባቱም ያነሰ ነበረ። ጎመኑ፥ ምስሩ፥ ባቄላው፥ ሙሉው የጤፍ እንጀራ በቤታችን አለ። ይሁን እንጂ ሥጋውን ትተን ድንች ጠብሰን፥ ሳምቡሳ ጠብሰን፥ ሽሮውን በዘይት አጥለቅልቀን ብንጾም ሥጋችን ጾመ ለማለት ያስቸግራል። የነፍሱን ነገር ለካህናት እተወዋለሁ።

ስኳሩን በሻይ ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ አወረድነው። አልኮል ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ የቅዳሜውን ቢራም ቀነስሁ፤ ይህን ስናገር ደስ እያለኝ አይደለም።

በእግር የመሄድን ነገር በተመለከተ፥ የተመከርሁት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ነው፤ በሥራ ቀን ግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። እኔ የማገኘው ከሰርቪስ መኪናው አስቀድሜ በመውረድ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ባለ አቀበት ከተማ ስለሆነች በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሼ ያጥር ነበር፤ በዝግታ ሲጀምሩት ይለቃል። ደረት ላይ የሚያስጨንቅ ሕመም ከመጣ ግን ቆሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ የተለቀቁባቸው እሑዶች ለቤታችን በዓል ነበሩ።

ስምንት ወር ሲሞላኝ ግፊቴ 132 በ84 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱን ራሳቸው አስተዉኝ፤ ሌላውን ዛሬም ጧት ጧት እውጣለሁ። «እስክትሞት አይለቅህም» ያሉት አክስቴ በዚህ አልተሳሳቱም ይሆናል፤ እኔም አልለቀውም።

እርሳቸውን ባለፈው ዓመት ግድ ብዬ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኋቸው። ክንዳቸው ተጠምጥሞ ሳለ «እኔን ምን አመመኝ?» እያሉ ነበር። 168 በ100 ሆነ። ዝም ብለው ቁጥሩን ተመለከቱና፥ ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ ያቺን ትንሽ ድስት ለማን እንደ ሰጠናት ጠየቁኝ። ድስት እንደማያስፈልጋቸው ነገርኋቸው። በዚህ ዓመት በርበሬያቸው ከእኛ በርበሬ ጋራ በአንድ ከረጢት፥ ያለ ጨው፥ ወደ ወፍጮ ሄደ።