የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከአሸዋ

እሱ፦ ነቀምቴ ሆቴሎች ደጃፍ ባዶ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በሳጥን ተደርድሮ መኪና ሲጠብቅ ታያላችሁ። መነሻው አሸዋ ነው።

እሷ፦ የዲዴሳን አሸዋ ዝቀን እናቅልጥ በለኛ!

እሱ፦ እሱ ለግንባታ ይሁንልን። ለጠርሙስ ንጹሕ ሲሊካ ነው የሚፈለገው፤ አሸዋው ውስጥ ብረት ካለ ብርጭቆው አረንጓዴ ይሆናል። ሲሊካ ብቻውን የሚቀልጠው ደግሞ 1700 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

እሷ፦ ነዳጁን ማን ይችለዋል?

እሱ፦ ለዚህ ነው ሶዳ አሽ የሚጨመረው፤ ሙቀቱን ወደ 1500 ያወርደዋል። እኛ አገር ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል።

እሷ፦ ሐይቁም ሸሸ እንጂ!

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ታዲያ በሶዳ ብቻ የተሠራን ብርጭቆ ውኃ ያሟሟዋል፤ የሚያጸናው የኖራ ድንጋይ ነው። ቅላጩ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ በአየር ይነፋል። ከዚያ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከተጣደፈ ውስጡ እንደተወጠረ ይቀርና ትንሽ ሲነካ ይፈረካከሳል።

እሷ፦ ስብርባሪውስ?

እሱ፦ ተፈጭቶ ከአዲሱ ጋር ይቀልጣል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። አምፖልና የመስኮት መስታወት ግን አትቀላቅሉበት።

እሷ፦ የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ባለሆቴሎች፣ ባዶውን በሳጥኑ መልሱ። ሳይሰበር የተመለሰ ጠርሙስ ታጥቦ እንደገና ይሞላል፤ እቶን አያስፈልገውም።