«ለገሀሬ እኮ ወንዝ ነው»፦ ጥናትን ለጉባኤ ስለማቅረብና ለባለቤቱ ስለመመለስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ ድሬዳዋ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርእስ የሥነ ጽሑፍና የባህል ጥናቶችን በምሁራን ጉባኤ ስለማቅረብ የሚመለከት ነው። አዘጋጆቹ የጠበቁብኝ ለተመራማሪ ተማሪዎች የሚጠቅም ምክር እንደሆነ እገምታለሁ፤ እርሱንም አልነፍጋችሁም። አስቀድሜ ግን አንድ ስሕተቴን ልናገር። ስለዚህ ርእስ ከማውቀው ዋናውን ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

ወደዚህ ከተማ ለማስተማር የመጣሁት አዲስ አበባ አድጌና ተምሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠርግ ዘፈኖችን እሰበስብ ነበር። «እሰበስብ ነበር» ስል ቃሉን ማረም አለብኝ፤ የሰበሰቡት ተማሪዎቼ ናቸው። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ቅጂውን አዳምጥ ነበር። ከቅጂዎቹ በአንዱ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት አማርኛንና ኦሮምኛን እያፈራረቁ ረጅም የሙሽራ ዘፈን ይዘፍናሉ። በዘፈኑ ውስጥ ሙሽራይቱ ወደ ለገሀሬ ወርዳ ትጠብቃለች። ማንን እንደምትጠብቅ በግልጽ አይነገርም።

አዲስ አበቤው ጆሮዬ ቃሉን «ለገሃር» ብሎ ሰማው። የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድሬዳዋም የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ ስለከበደ መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ባቡሩም እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ሙሽራይቱ ጣቢያው ላይ ቆማ ዘመናዊነትን ትጠብቃለች ብዬ ጻፍሁ። ሐዲዱን የመለያየት፣ የባቡሩን ጩኸት የናፍቆት ምሳሌ አደረግሁ። የሦስት የውጭ አገር ሊቃውንትን ንድፈ ሐሳብ በምስክርነት ጠራሁ። ጽሑፉ ያማረ ነበር።

ይህንኑ ጥናት ከድሬዳዋ ውጭ በሁለት ጉባኤዎች አቀረብሁ። ጥያቄዎችም ቀረቡልኝ። አንዱ ስለምን ይህን ንድፈ ሐሳብ መርጠህ ያኛውን ተውህ አለኝ። ሌላው ስለ ናሙና አመራረጤ ጠየቀኝ። ሦስተኛው፣ እንደ ልማዳችን፣ «የእኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ የራሱን ጥናት ተረከልን። «ለገሀሬ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ተጨበጨበልኝ፤ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ተመለስሁ።

ጽሑፉ ለኅትመት በቀረበ ጊዜ የዘፋኟ የጽሑፍ ፈቃድ ተጠየቅሁ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘፈኑን ከቀረጸው ተማሪዬ ጋር ሆኜ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙ በማይርቅ ግቢ ወደ አዴ ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈላ። ተማሪዬ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ጽሑፌን አነበብንላቸው። አዴ ጣቢያው እስኪደርስ ድረስ በትዕግሥት አደመጡ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ እስኪያቅታቸው ሳቁ።

«አቦ ልጄ፣ ባቡሩን ከየት አመጣህብኝ? ለገሀሬ እኮ ወንዝ ነው፤ አህያ ውኃ የምናጠጣበት። ባቡር ጣቢያውማ ያውልህ ከዚራ።»

በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ፣ «ሀሬ» አህያ ነው። ሙሽራይቱም የምትጠብቀው ባቡርን አልነበረም፤ ባሏንም አልነበረም። እንደ አዴ አነጋገር፣ አብረዋት ውኃ ይቀዱ የነበሩትን ጓደኞቿን ነው የምትጠብቀው። ከነገ በኋላ ያ ጉዞ የለምና ለመጨረሻ ጊዜ ወርዳ ትጠብቃቸዋለች። እኔ የሙሽራይቱን ጓደኞች ባቡር አድርጌአቸው ኖሯል።

ስንመለስ ተማሪዬን «አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ ታውቀው አልነበረም ወይ?» አልሁት። «አውቀው ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» ብለው፣ «አልጠየቁኝም» ሲል መለሰልኝ። የአዴ ሳቅ አሳፍሮኝ ነበር፤ የተማሪዬ መልስ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህን የማወራችሁ ለጨዋታ አይደለም። አንድ ጥናት በሁለት ጉባኤ ተፈትኖ ሲያልፍ፣ በአንድ ጀበና ቡና ፊት ግን ሲወድቅ፣ ጉባኤያችን ምን እየፈተነ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ጉባኤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ጉባኤ መዘርጋት ማለት ማስተማር ነው። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ወጥቶ፣ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ጓደኞቹ ቆመው ይሰማሉ። ትንሹ የቅኔ ዓይነት ራሱ «ጉባኤ ቃና» ይባላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አራሚው ቋንቋውን ከታራሚው አብልጦ ያውቃል። ጉባኤውን ጉባኤ የሚያሰኘው ይህ ነው። በእኛ አዳራሾች ውስጥ ግን ንድፈ ሐሳቡን የሚያውቁት ተሰብስበው፣ ዘፈኑን የሚያውቁት ከደጅ ይቀራሉ።

ይህ ክፍተት ታሪክ አለው። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም፣ በሊንቼይ አካዳሚ ነው። ካዘጋጁት ዋነኞቹ መካከል ኤንሪኮ ቼሩሊ ይገኝበታል። ቼሩሊ የኦሮሞን ሥነ ቃል ሰብስቦ በ1922፣ ስለ ሐረር ቋንቋና ታሪክ ደግሞ በ1936 መጻሕፍት ያሳተመ ታላቅ ሊቅ ነው። ያው ሰው በወረራው ዘመን የሸዋ፣ በኋላም የሐረር ገዢ ሆኖ ሠርቷል። ሊቅነቱን አልነሣውም፤ ሥራዎቹን እስከ ዛሬ እንጠቀምባቸዋለን። ነገር ግን የሕዝቡን ቃል የሚሰበስበውና ሕዝቡን የሚገዛው አንድ ሰው ሲሆን፣ «ተሳስተሃል» የሚለው ማን ነው? እኔ ገዢ አልነበርሁም። ይሁን እንጂ ተማሪዬ ዝም ያለኝ በመካከላችን በነበረው ርቀት ምክንያት ነው፤ ርቀቱን ያበጀሁትም እኔ ነኝ።

የተሻለ አብነትም አለን። ጀርመናዊው ሉዶልፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በሮም ተገናኝቶ፣ በ1652 በጎታ ከተማ አብሮት በተቀመጠ ጊዜ እየጠየቀና እየታረመ ተማረ፤ የዕውቀቱንም ምንጭ በመጽሐፉ ውስጥ በስሙ ጠራ። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት የተደረገውን ዛሬ እኛ የምንዘነጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሮም የተነሣው ጉባኤ በማንችስተር፣ በአዲስ አበባ፣ በሉንድ፣ በሞስኮ፣ በኪዮቶና በሌሎችም ከተሞች ዞሮ፣ 18ኛው ጉባኤ ከጥቅምት 19 እስከ 23 ቀን 2005 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ተካሄደ። በኢትዮጵያ ምድር ከአዲስ አበባ ውጭ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። መሪ ሐሳቡም የኢትዮጵያን እንቅስቃሴ የሚመለከት ነበር፤ ሐዲድ ለወለዳት ከተማ የሚስማማ ርእስ ነው። የጉባኤው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት ቅጽ ታትመዋል። ይህ ከተማችንን የሚያኮራ ነው። ሆኖም ቅጾቹ የታተሙት በውጭ ቋንቋ ስለሆነ፣ አዴንና ጎረቤቶቻቸውን የሚመለከት ገጽ ቢኖር እንኳ ሊያነቡት አይችሉም። ይህን የምለው አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ዓለም ወደ ቤታችን ሲመጣ፣ ቤተኛውን ወደ አዳራሹ የማስገባቱ ሥራ የእኛ የቤቱ አስተማሪዎች ድርሻ እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጽሑፉን ከኅትመት አነሣሁት። ከተማሪዬ ጋር እንደገና ጻፍነው፤ ስሙም ከስሜ አጠገብ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ያቀረብነው እዚሁ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። አዴ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጥተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ገና ከመጀመሬ አንደኛዋ እናት «ዘፈኑ እንዲህ አይደለም» አሉ። አዴም «በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው» ብለው መለሱ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሁለት ዓይነት አዘፋፈን ተዘፈነ። ከተሰጠኝ 20 ደቂቃ አሥሩን ለእነርሱ ትቼ ማስታወሻ መያዝ ጀመርሁ። በሕይወቴ ከተካፈልሁባቸው ጉባኤዎች ሁሉ ብዙ የተማርሁት በዚያች ክፍል ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ተገቢ ጥያቄ አነሣ፦ «የዘፈኑን ትርጉም የሚወስነው ዘፋኙ ብቻ ነው ወይ? ተመራማሪው ጸሐፊ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው?» መልሴ አይደለም የሚል ነው። ሁለቱ እናቶች ራሳቸው አልተስማሙም። አንድ ቃል ባለቤቱ ያላሰበውን ትርጉም ሊሸከም ይችላል፤ ያንን ማሳየት የእኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ያለው ቅኔ ሰሙ ሳይታወቅ ወርቁ አይወጣም። ለገሀሬ ወንዝ መሆኑን ያወቀ ሰው ስለ ወንዙ ብዙ ሊፈላሰፍ ይችላል። ወንዙን ጣቢያ ያደረገ ሰው ግን የሚፈላሰፈው ስለ ራሱ ጆሮ ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁላችሁ ምክር ልለፍ።

አንደኛ፣ ጊዜያችሁን እወቁ። በእርጋታ የሚነበብ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ለ20 ደቂቃ ስድስት ገጽ ይበቃል። አሥራ አምስት ገጽ ይዞ መጥቶ «ጊዜ ስለሌለኝ ልዝለለው» እያሉ መሮጥ አድማጭን አለማክበር ነው።

ሁለተኛ፣ «ባህል ማለት» ብላችሁ አትጀምሩ። ከዘፈኑ፣ ከተረቱ፣ ከልቦለዱ ጀምሩ። ድምፁ ካለ አሰሙ። ጽሑፉን በተዘፈነበት ቋንቋ ስክሪን ላይ አውጡት፤ ትርጉሙን ከጎኑ አድርጉ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ የሚችል ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ሊያርማችሁ የሚችለው ያኔ ነው። ትርጉሙን ብቻ ያሳየ ሰው ስሕተቱን ደብቆታል።

ሦስተኛ፣ የሰዎችን ስም ጥሩ። ከፈቀዱላችሁ የዘፋኙን፣ የተራኪውን፣ ሁልጊዜ ደግሞ የቀረጸላችሁንና የተረጎመላችሁን ተማሪ። «ከመረጃ ሰጪዎች እንደተገኘው» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው ቀብሯል።

አራተኛ፣ ለጥያቄ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለትን ተለማመዱ።

አምስተኛውና ዋናው፣ ማንኛውንም ጥናት ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ከመውሰዳችሁ በፊት ላገኛችሁበት ሰው አቅርቡ። ወጪው የባጃጅ ሒሳብና ቡና ነው። ለፋኩልቲያችንም የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ለጉባኤ ተጓዥ መምህርና ተማሪ የጉዞ ድጋፍ ስንሰጥ፣ ጥናቱ አስቀድሞ በመጋላ ይሁን በሳቢያን፣ በገጠር ቀበሌም ይሁን፣ በባለቤቶቹ ፊት መቅረቡን እንጠይቅ። ይህች ከተማ እኮ ሥነ ቃሏን ለመስማት ጉባኤ አልጠበቀችም። በ1950ዎቹ የአፍረን ቀሎ ወጣቶች፣ አሊ ቢራም ከእነርሱ ጋር፣ ዘፈናቸውን ያሰሙ የነበረው በሠርግ ቤት ነው። አድማጩ ወዲያው ይፈርድ ነበር።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በአንድ ነገር ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ ከተማ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንድገመግም ተላከልኝ። በሁለተኛው ምዕራፍ ያ የመጀመሪያ አኅጽሮተ ጥናቴ፣ ከጉባኤው መጽሔት ላይ ተወስዶ፣ በማስረጃነት ተጠቅሶ አገኘሁት። ማረሚያዬን ተማሪው አላየውም፤ እኔም በዚያ ጉባኤ ቆሜ «ተሳስቼ ነበር» አላልሁም። እንግዲህ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሙሽራይቱ እስከ ዛሬ ጣቢያ ቆማ ባቡር ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ በመድረክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም።

ዛሬ ይህን የምነግራችሁ ለዚያ ዕዳ የመጀመሪያ ክፍያ እንዲሆን ነው። ከአድማጮቼ መካከል የለገሀሬ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በተናገርሁት ውስጥ ስሕተት ካለ፣ የባልደረቦቼ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት እናንተ ጀምሩ።