ደብዳቤውን የሚጠብቁት



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ ንገሪን» ስላሉኝ ስለ አንድ ታካሚዬ ላውራችሁ። የምሠራው በዴንማርክ፣ ኤስቢየር በምትባል የወደብ ከተማ ነው። የነፋስ ተርባይኖች ከዚያ በመርከብ ተጭነው ወደ ሰሜን ባሕር ይሄዳሉ። ብዙ ታካሚዎቼም እንጀራቸው ከነፋስ ነው።

ይህ ዘርፍ ግን ሰሞኑን ተናግቷል። ወለድና የብረት ዋጋ ሲንር፣ በርካሽ የተፈረሙ ውሎች ኪሳራ ሆኑ። ሲመንስ ጋሜሳ እ.ኤ.አ. በ2022 2,900 የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታወቀ። ኦርስቴድ በ2023 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ ላይ ሁለት ፕሮጀክቶችን ሰረዘ፤ በኦክቶበር 2025 ደግሞ 8,000 ገደማ ከሆኑት ሠራተኞቹ 2,000 ያህሉን እስከ 2027 መጨረሻ እንደሚቀንስ ተናገረ።

ታካሚዬ የተርባይን ቴክኒሻን ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ መጣ። የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒት ጀመርኩለት። ተመልሶ መጣ፤ መጠኑን ጨመርኩ። «ሥራ እንዴት ነው?» ያልኩት በሦስተኛው ጊዜ ነው።

«እኔ አልተቀነስኩም» አለኝ። «ግን ደብዳቤው ለማን እንደሚደርስ አናውቅም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል።»

እኔ እኮ ከሥራ የተሰናበተው ብቻ የሚታመም ይመስለኝ ነበር! በ1995 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። መሥሪያ ቤታቸው ወደ ግል ሊዛወር መሆኑን የሰሙ የለንደን የመንግሥት ሠራተኞች፣ ለውጡ ገና ሳይመጣ ጤንነታቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደቀነሰ ተናግረዋል።

ሥራውን ላተርፍለት አልችልም። ሕመሙ ከየት እንደመጣ ነገርኩት፤ የሠራተኛ ማኅበሩን እንዲያነጋግር መከርኩት፤ በየሁለት ሳምንቱ ቀጠርኩት። ግፊቱ ገና አልወረደም። እንቅልፉ ግን ተሻሽሏል።

ነገሩ የዴንማርክ ብቻ አይደለም። አዳማ ላይ ተርባይኖቹን ሁላችንም በመንገዳችን አይተናቸዋል። እዚያም ይሁን በሌላ መሥሪያ ቤት፣ መዋቅር ተለወጠ ተብሎ ድልድል የሚጠብቅ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ሳለን በታካሚው ታሪክ ላይ «ሥራ፦ የመንግሥት ሠራተኛ» ብለን እናልፍ ነበር። ለዛሬዎቹ ተማሪዎች ከዚያች መስመር ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩላቸው፦ «ሥራው እንዴት ይዞዎታል?» መልሱን ቁጭ ብለው ይስሙ። እኔ ሁለት ቀጠሮ አባክኜ ነው የተማርኩት።