የእኅት ልጅ በመዝገብ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር የተፈቀደልን ጊዜ አጭር ነው። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። የቀረውን ያገኘነው መዝገብ ቤት ተቀምጠን ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ጡረታ ከወጣን በኋላም የታሪክ መጽሐፍ እየተዋስን ስናነብ ነው። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙብን ከስብሰባው በኋላ ንገሩን እንጂ መካከል ላይ አታቋርጡን።

የምንናገረው ስለ እኅት ልጅና ስለ ወንድም ልጅ ነው፤ ሴቲቱን ማለታችን ነው። ቋንቋችን ለአጎት ስም አለው፣ ለአክስትም ስም አለው። አጎትና አክስት ለሚያሳድጓት ልጅ ግን አንድ ቃል እንኳ አላወጣላትም። «የእኅቴ ልጅ» እያልን በእናቷ በኩል ዞረን ነው የምንጠራት። መዝገብ ላይ እንደዚያ ከተጻፈች ደግሞ ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አይለይም። ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ለሌላው ሰው ላይመስለው ይችላል።

ይህን ርዕስ የመረጥንበትን ምክንያት ኋላ እንመለስበታለን። ብዙዎቻችሁም ሳታውቁት አትቀሩም።

በሌላው ዓለም አጎት የእኅቱን ልጅ ያገባበት ዘመን ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃም ወንድም ናኮር የወንድሙን የሐራንን ልጅ ሚልካን እንዳገባ ተጽፏል። ያ የጥንት ነው እንበል። የስፔን ነገሥታት ግን ቅርብ ናቸው። ዳግማዊ ፊሊፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1570 የእኅቱን ልጅ አናን አገባ። የልጅ ልጁ አራተኛው ፊሊፕም በ1649 የእኅቱን ልጅ ማሪያናን አገባ። የሚያስገርመው ማሪያና የታጨችው ለእሱ ሳይሆን ለልጁ ነበር። ልጁ ሲሞት አባትየው «እንግዲያው ለእኔ ትሁን» አለ። እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ አርባውን አልፎ ነበር። ዘውዱ ከቤታችን እንዳይወጣ ብለው ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት። ከእነዚህ ሁለቱ የተወለደው ዳግማዊ ቻርልስ ዕድሜውን በሙሉ በሽተኛ ሆኖ፣ ልጅ ሳይወልድ በ1700 ሞተ። ዘውዱም ከቤታቸው ወጣ፤ በውርሱም ምክንያት አውሮፓ ከአሥር ዓመት በላይ ተዋጋ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ነውር ነው። ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አጎት የእኅቱን ልጅ ይድራታል እንጂ አያገባትም። ታዲያ የእኛም ታሪክ ያለው እዚህ መዳሩ ላይ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። የወንድማቸው የራስ ወሌ ብጡል ልጆች ግን ነበሩላቸው። የወንድማቸውን ልጅ ወይዘሮ ከፈይን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ መንገሻ ዳሩ፤ ትግራይና ሸዋ በዚህ ይታሰራሉ ተብሎ ነው። ራስ መንገሻ ግን ከዚያም በኋላ ሸፈቱ፤ በ1891 ዓ.ም. ተይዘው አንኮበር ታሰሩ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የወይዘሮ ከፈይ ልጅ ወይዘሮ ሮማነ ወርቅ በ1901 ዓ.ም. ለልጅ ኢያሱ ተዳሩ። በማግሥቱ ዓመት እቴጌ ከሥልጣን ሲገለሉ ጋብቻው ፈርሶ ልጅ ኢያሱ የራስ ኃይሉን ልጅ አገቡ። እናትም ልጅም የአክስት ገመድ ሆኑ ማለት ነው። ገመዱ ሲበጠስ ማን ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ እኛ ባነበብነው ውስጥ አላገኘንም።

ከሁሉም ይልቅ የምናዝንላቸው ግን ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። እቴጌ የሆኑ ሴት ምን ያሳዝናሉ ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ እንቁጠረው።

ወይዘሮ መነን የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ናቸው፤ ደሴ ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው እኒያው ናቸው። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ ልጅ ኢያሱ በአባት ወንድማቸው ነው። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ ለወይዘሮ መነን አጎት ይሆናል፤ በዕድሜ ግን አጎቱ ከእኅቱ ልጅ ያንስ ነበር። በእኛም ሰፈር እንዲህ ያለ አለ፤ ታናሹን «አጎቴ» እያለ የሚያበሽቅ።

ወይዘሮ መነን በልጅነታቸው ተድረው ወልደዋል። ኋላም በዕድሜ ብዙ ለሚበልጧቸው ለሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ተሰጡ። ከዚያ ደግሞ በአጎታቸው ዘመን፣ በሐምሌ 1903 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዢ ለነበሩት ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተዳሩ። አጎት ወጣቱን ደጃዝማች ወደ ቤቱ ማሰሩ ነበር። የእኅትህን ልጅ የያዘ ሰው አይነሣብህም ነው ሒሳቡ።

ሒሳቡ አምስት ዓመት ያዘ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ብለው የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በጥቅምት ቶራ መስክ ላይ ያገኟቸውን ራስ ልዑልሰገድን ገደሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ እሳቸውም ተሸንፈው ተማረኩ።

እስቲ አሁን እንደ ዕድር ሰው እንየው። የሞቱት ራስ ልዑልሰገድ የወይዘሮ መነን የቀድሞ ባል ናቸው። የገደሏቸው ንጉሥ ሚካኤል አያታቸው ናቸው። አያትየውን ድል ካደረጉት አንዱ የልጆቻቸው አባት ናቸው። የተባረረው አጎታቸው ነው። እሳቸው የዚያን ዕለት የሦስት ወር ሕፃን የአስፋ ወሰን እናት ነበሩ። ድንኳኑ የት ይተከል? ለቅሶ ደራሽስ ሲመጣ ማንን ነው የሚያጽናናው፣ በየትኛው ሐዘን? እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ብዙ ተቀምጠናል። አያትየው በእስር እንዳሉ ሞቱ። አጎትየው በኋላ ተይዞ ብዙ ዓመት ታስሮ በ1928 ዓ.ም. ሞተ። እሳቸው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ዘውድ ጭነው፣ እስከ የካቲት 1954 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ትዳር ኖረው አረፉ። በዚያ ሁሉ መካከል ትዳሩ አለመፍረሱ የሳቸው ትዕግሥት ይመስለናል፤ የአጎቱ ብልኃት ግን አይደለም።

ባላቸውም ቢሆኑ ከዚህ አልተማሩም። የወንድማቸውን የደጃዝማች ይልማን ልጅ ልዕልት የሻሸ ወርቅን ለትግራዩ ራስ ጉግሣ አርአያ ሰጡ። የገዛ ልጃቸውን ልዕልት ዘነበ ወርቅን ደግሞ ለራስ ጉግሣ ልጅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ዳሩ። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አማችየው ለጠላት ገባ።

በልብ ወለድ ነው ነገሩ የሚያምረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ባሳተሙት በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስንት ተንከራታ መጨረሻው ሠርግ ነው። እሷ ንጉሡን፣ ወንድሟም የንጉሡን ዘመድ ያገባሉ፤ ጠላትነቱም ይቀራል። ደራሲ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። የሰገሌን ወሬ የጻፉት ግን የሆነውን ነው የጻፉት።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ከአባላታችን አንድ አባት አሉ፤ ስማቸውን አናነሣም፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኅታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጇን አምጥተው አሳደጓት። አስተማሯት፤ ስትደርስ ሽማግሌ መጣ። ሰባት ቤት ተቆጠረና ሽማግሌዎቹ «ምን ይላሉ?» ሲሏቸው «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ፤ እሷን ጠይቋት» አሉ። እኛ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበርን በጆሯችን ሰምተናል። ልጅቱም ከጓዳ ሆና «ከአጎቴ የማልርቅ ከሆነ» አለች። ባልየውም ቃሉን ጠብቆ ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ ቤት ተከራየ። ከነዚያ ሁሉ ራሶችና ነገሥታት መካከል እንዲህ ያለ አጎት አላነበብንም።

ታዲያ ይህች ልጅ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ታምማ ሞተች። የባልየው ዕድር ሌላ ስለሆነ ድንኳኑ እዚያ ተተከለ። እኒህ አባት ደግሞ ወደ እኛ መጥተው ለቤታቸው ድንኳንና ወንበር፣ እንደ ደንቡም ገንዘብ ጠየቁ። መዝገቡ በእኛ እጅ ነበር። ገልጠን አየን። ድሮ ቤተሰባቸውን ሲያስመዘግቡ «ልጅዎ ናት?» ብለን ጠይቀናቸው «የእኅቴ ልጅ ናት» ብለውን ነበር፤ ሰውየው ውሸት አያውቁም። እኛም «እንግዲያስ ቅጹ ላይ ቦታ የላትም» ብለን አልፈናታል። ደንቡ አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ይላል፤ ለእኅትና ለወንድም ግማሽ ይላል፤ እዚያ ላይ ያቆማል።

«ደንቡ አይፈቅድም» አልናቸው።

«እናቷ በሞተች ጊዜ እዚህ ዕድር አልነበርኩም፤ ለእኅቴ አልተከፈለኝም። አሁን ለልጇም የለም ማለት ነው?» አሉ።

«ደንቡ ነው» ብለን ደገምን። ወሩ ነሐሴ ነበር። ለቅሶ ደራሹ በረንዳቸው ሥር ተጣቦ ቆመ፤ ዝናቡ የገባበትም ነበር። እኛም ከቆሙት አንዱ ነበርን፤ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ግን ሦስት ድንኳን ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ ቁልፉም በኪሳችን ነበር።

አሁን ሐሳባችንን እንናገር። ገንዘብ ያዣችን «የእኅትና የወንድም ልጅ የሌለው ሰው የለም፤ በር ከተከፈተ ካዝናው ባዶ ይቀራል» ብለውናል። ልክ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ትግባ አላልንም። በአባሉ ቤት ያደገች፣ በሕይወት ሳለች የተመዘገበች፣ ሁለት ጎረቤት አባላት የመሰከሩላት ትግባ ነው ያልነው። ከተመዘገበች አንድ ዓመት ሳይሞላ ገንዘብ አይከፈል፤ ድንኳንና ወንበር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይሰጥ። ብታገባም ስሟ አይሰረዝ፤ የወለድናት ልጅ ስታገባ አንሰርዛትምና። ወንዱም ቢሆን በቤት ያደገ እንደሆነ እንዲሁ ይሁን፤ መዝገቡ መቼስ አይለይም ብለናል።

ይህን የምንለው ለእኒያ አባት ብለን አይደለም፤ ለሳቸው አልፏል። ወርኃዊ መዋጮአቸውን እስከ ዛሬ ያለ አንድ ቀን መዘግየት ይከፍላሉ፤ ዛሬም እዚሁ ከመካከላችን አሉ። የልጅቱ ሁለት ልጆች ግን አሁን ከሳቸው ጋር ናቸው፤ ትልቋ ሴት ናት። በቅጹ ላይ እሷንስ ምን ብለን እንመዝግባት? ደንቡ እስካሁን ባለበት ቢቆይ እሷም ቦታ የላትም።

ቅጹን አዘጋጅተን ይዘን መጥተናል። «ልጅ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምረናል። ሰብሳቢው ከፈቀዱልን እናንብበውና እጅ ይቆጠር።