የጃማይካ ሰፈር ቤተሰቦች የዕለት ኑሮ

(በአዳማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አገሩን ለቆ በሌላ ምድር ጎጆ ስለሚቀልስ ቤተሰብ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ስቶክሆልም ስለ ሄዱት ወገኖቻችን የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን መንገዱን ገልብጬ፣ ባሕር አቋርጠው ወደ እኛ ስለ መጡት መናገርን መርጫለሁ። ከዚህ ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል የወረደ መንገደኛ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ «ጃማይካ ሰፈር» የሚባለውን መንደር ያገኛል። መንገደኛው ስለ ሰፈሩ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጭሱና ስለ ሙዚቃው ነው። እዚያ ያለችው እናት ልጇን በየትኛው ቋንቋ እንደምትቆጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በእርግጥ የባሕር ማዶ ቤተሰብ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እዚሁ አጠገባችን በወንጂ፣ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሆላንዳውያን ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው መጥተው በኩባንያው መኖሪያ ሰፍረው ነበር። ነገር ግን እነዚያ በውል መጥተው ውሉ ሲያልቅ የሚመለሱ ነበሩ። የሻሸመኔዎቹ የመመለሻ ቲኬት ይዘው አልመጡም። እንዲያውም በራሳቸው አነጋገር መመለስ ማለት ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከመሠረቱት የኢትዮጵያ ወርልድ ፌደሬሽን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች፣ በዚሁ ማኅበር አማካይነት በሻሸመኔ አምስት ጋሻ፣ ማለት ሁለት መቶ ሄክታር ያህል መሬት በ1940ዎቹ ሰጡ። ከሁሉ ቀድመው የሰፈሩት ጄምስና ሔለን ፓይፐር የተባሉት ባልና ሚስት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የራስ ተፈሪያን ቤተሰቦች መምጣት በረከተ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ሰፋሪዎቹም አብዛኛውን መሬታቸውን አጡ። ከፊሎቹ አገር ለቀው ሄዱ፤ የቀሩት ቀሩ፤ በኋላም ሌሎች ተጨመሩ።

ታሪኩን በዚህ ልተወውና ወደ ቤቱ ውስጥ ልግባ።

እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን የወደዱት በሩቅ ነው። ከመካከላቸው ገና በኪንግስተን ሳሉ ፊደል የቆጠሩ፣ በአማርኛ ሰላምታ መስጠትን የተለማመዱ ነበሩ። ታዲያ ሻሸመኔ ሲደርሱ ገበያው የሚናገረው በአመዛኙ አፋን ኦሮሞ ሆኖ አገኙት፤ በአንዱ ጥግ ወላይትኛ፣ በሌላው ሲዳምኛና ጉራጊኛ ይሰማል። ለአንዲት ኢትዮጵያ የተዘጋጀ ሰው ከብዙዋ ኢትዮጵያ ጋር ተገናኘ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞና በቁቤ መሰጠት ሲጀምር፣ አባት በስንት ትጋት ያጠናው ሀ ሁ የልጁን የቤት ሥራ ለመርዳት የማይበቃበት ጊዜ መጣ። እንግዲህ በዚህ ቤት አስተርጓሚው ልጁ ነው። በር ለተንኳኳ የሚወጣው እርሱ፣ ከሥጋ ሻጩም ከቀበሌውም ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነው። ጎረቤቲቱን «አዴ» ብሎ፣ ሽማግሌውን «ኦቦ» ብሎ ይጠራል፤ አባቱን ግን በጃማይካ እንግሊዝኛ ያናግራል። የአሥር ዓመት ልጅ በጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ስለ አባቱ ሲናገር የአባት ክብር ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንም ያውቁታል። ልዩነቱ፣ የሻሸመኔው አባት የመጣው ወደ ገዛ አገሬ ነው ብሎ መሆኑ ነው።

ማእድ ቤቱ ብዙ አልተቸገረም። ሥጋ የማይበሉት ራስ ተፈሪያን ከጾም ምግባችን ጋር በቶሎ ተዋወቁ፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከእምነታቸው ጋር የሚጣላ ነገር የለውም። የወላይታ ሴቶች ለገበያ የሚያወጡት ጎደሬም በካሪቢያን ደሴቶች የሚበላ ሥር ነው፤ ያደገችበትን ምግብ በማታውቀው ገበያ ያገኘች ሴት ደስታዋ አይነገርም። ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነበር። «በሁለት ሰዓት ና» የተባለ እንግዳ ከቀትር በኋላ ቢመጣ አያስደንቅም።

ክብደት ያለው ነገር ለቅሶ ነው። በእኛ አገር ጎረቤት ሆኖ መቆጠር የሚለካው በእድርና ለቅሶ በመድረስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከራስ ተፈሪያን ብዙዎች ግን ጠጉራቸውን ያሳደጉበት የናዝራዊነት ስእለት ከሬሳ እንዲርቁም ያዝዛል ብለው ያምናሉ። የጎረቤት አስከሬን ሲወጣ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው በእኛ ዓይን ምን እንደሚባል መናገር አያስፈልገኝም። እርሱ ግን ትእዛዝ መፈጸሙ ነው። በዚህ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የሚያስታርቅ ቃል የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ይመስሉኛል፤ እርሱ ቢቀር እርሷ እንጀራ ይዛ ትደርሳለችና።

አሁን ሙያችንን ወደሚነካው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ስም ነው። የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ ብራውን ነው እንበል። ባል ዊልያም ብራውን፣ ሚስት በባሏ ስም ወይዘሮ ብራውን፣ ልጅ ሳሙኤል ብራውን ይባላሉ። በእኛ መዝገብ ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ከዚያ የአያት። ስለዚህ መዝጋቢው እንደ ልማዱ ቢያነበው ባልና ሚስት የአንድ ብራውን ልጆች፣ ማለት እኅትና ወንድም ሆነው ይታያሉ! ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው፣ አንዱ መምህር ልጁን «ሳሙኤል ብራውን»፣ ሁለተኛው «ሳሙኤል ዊልያም»፣ ሦስተኛው «ሳሙኤል ዊልያም ብራውን» ብሎ መመዝገቡ ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማስረጃውን ከፓስፖርቱ ጋር ሲያስተያይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ይገኛል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሹም አይደለም። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ረጅም ሰልፍ ፊት የተቀመጥን እኛው ነን።

የዜግነቱ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊነት የሚወረሰው ከአባት ወይም ከእናት ነው፤ እዚህ መወለድ ብቻውን አያስገኝም። በመሆኑም በአንድ ወንበር ከሚቀመጡት ሁለት ልጆች እናቱ የሻሸመኔ ልጅ የሆነችው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሁለቱም ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡት ያኛው ግን ሌላ አገር ሳያውቅ የውጭ ዜጋ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ካለፈ ዓመታት የተቆጠረባቸው ወላጆችም ነበሩ፤ እነርሱ ከአገር ለመውጣት ቢያስቡ የተከማቸው መቀጮ ይጠብቃቸው ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ለራስ ተፈሪያኑ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር የሚያስችል መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ዜግነት ግን አይደለም።

መታወቂያውም ቢሆን ስም ይጻፍበታል። ስለዚህ ለማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የውጭ አገር ወላጆች ያሉት ልጅ ሲመዘገብ ስሙ በፓስፖርቱ ወይም በልደት ምስክር ወረቀቱ እንዳለ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲጻፍ፣ የአባቱ ስም በተለየ ዓምድ እንዲሰፍር፣ ለወላጁም የሚያስረዳው ልጁ ሳይሆን ከመምህራኑ አንዱ እንዲሆን የሚል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዓምድና ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ነው። ቅጹን አዘጋጅቼ ይዤዋለሁ፤ ከሻይ በኋላ በየጠረጴዛው ይታደላል።