ቀላል ኮርስ መምረጥ ነውር ነው ወይ?
(ለማኅበራችን አባላትና ለልጆቻቸው በወርኃዊው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ኮሌጅ ምዝገባ እንድናገር ጠይቆኝ ነበር። ምዝገባ ሰፊ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ “ቀላል” የሚባለውን የምርጫ ኮርስ ትውሰድ ወይስ አትውሰድ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ታክስ ለማሠራት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ግን ከታክሱ ቀጥሎ የምታነሱልኝ ይህንኑ ነው። እናት “ለሙዚቃና ለሥዕል ነው እንዴ ይህን ሁሉ የምንከፍለው?” ትላለች። ልጅ ደግሞ “ሁሉም ሰው ይወስደዋል፣ ኤ ይገኝበታል” ትላለች። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ራሳቸው በማታ ትምህርት የጀመሩ እህቶቻችንም ጥያቄው ይመለከታቸዋል።

አገር ቤት ለተማርን ሰዎች ኮርስ መምረጥ እንግዳ ነገር ነው። እኔ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ስማር የሴሚስተሩ ኮርስ ሁሉ ተወስኖ ነው የጠበቀን፤ የእኛ ድርሻ ተመዝግቦ መማር ነበር። አሜሪካ ግን ብዙውን የምትመርጠው ተማሪዋ ናት። አሠራሩ የቆየ ነው። ቻርልስ ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1909 ሃርቫርድን ሲመሩ የግዴታ ኮርሶችን እየቀነሱ ተማሪው የወደደውን እንዲመርጥ አደረጉ። ተማሪው ቀላል ቀላሉን እየለቀመ ነው የሚል ወቀሳም መጣ። እሳቸውን የተኩት ፕሬዚዳንት ሎወል ልክ አበጁለት፤ ተማሪው አንድ ዋና መስክ ይይዛል፣ የቀረውን ከተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ያዳርሳል። ዛሬ በኖቫም ሆነ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የምናየው አከፋፈል ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናቶች፣ ጭንቀታችሁ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ አዲስ አይደለም።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ በአብዛኛው 60 ክሬዲት፣ የአራት ዓመቱ ደግሞ 120 ክሬዲት ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ለተያዘው ሙያ ግዴታ የሆነው ነው። ሁለተኛው ጄኔራል ኤጁኬሽን የሚባለው ሲሆን ኮሌጁ ካወጣው ዝርዝር ይመረጣል። ሦስተኛው ነፃ ኢሌክቲቭ ነው። ቀላል ኮርስ ሲባል ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ክፍል የሚመጣ ነው። ሥዕልና ሙዚቃ ላይ የምትቆጡ እናቶች ይህን እወቁልኝ፤ ብዙ ጊዜ ዲግሪው ራሱ ከሥነ ጥበብ ወይም ከሰብአዊ ትምህርት ዘርፍ አንድ ሁለት ኮርስ ይጠይቃል። ልጅቱ እየተዝናናች ሳይሆን ግዴታዋን እየተወጣች ሊሆን ይችላል።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያ ሴሚስተሯ እንግሊዝኛ በ3 ክሬዲት፣ ባዮሎጂ በ4 ክሬዲት፣ ሒሳብ በ3 ክሬዲት ወሰደች እንበል። እንግሊዝኛና ሒሳቡን ቢ፣ ባዮሎጂውን ሲ አመጣች። ቢ 3 ነጥብ፣ ሲ 2 ነጥብ ነው። በክሬዲቱ ስናባዛው 9፣ 8 እና 9፣ ድምሩ 26 ይሆናል። ለ10 ክሬዲት ሲካፈል ጂፒኤዋ 2.6 ነው። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ቀላል ኮርስ ጨምራ ኤ ብታመጣ 12 ነጥብ ይጨመርላታል። 38 ለ13 ሲካፈል 2.92 ይመጣል። ሌላም ጥቅም አለው። በ10 ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ አልነበረችም፤ በ13 ግን ሆነች፤ ለፌዴራል እርዳታ የሙሉ ጊዜ የሚባለው ከ12 ክሬዲት ጀምሮ ነውና። ስለዚህ ቀላል ኮርስ መምረጥ ነውር አይደለም። በልኩ ሲሆን ጥሩ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው የት ላይ ነው? መጀመሪያ የማይቆጠር ኮርስ ሲወሰድ ነው። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚታሰበው ለተያዘው ዲግሪ በሚቆጠሩ ኮርሶች ላይ ነው። የነፃ ኢሌክቲቭ ቦታዋ ሞልቶ ሳለ ሌላ ቀላል ኮርስ ጨምራ 12 ክሬዲት ብትመዘገብ፣ ለእርዳታው የምትታሰበው እንደ 9 ክሬዲት ተማሪ ነው። ፔል ግራንት ደግሞ የማያልቅ ጉድጓድ አይደለም። በሕይወት ዘመን የሚሰጠው በሙሉ ጊዜ ተማሪ ሲሰላ የ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። በማይቆጠር ኮርስ የባከነ ሴሚስተር በኋላ፣ ዋናው ትምህርት ላይ ሲደረስ፣ ይፈለጋል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የምታስቡም ተጠንቀቁ። አንድ ኮርስ “ይተላለፋል” ሲባል ሁለት ትርጉም አለው። ሙያው በሚጠይቀው ኮርስ ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ወይም እንዲሁ በነፃ ኢሌክቲቭነት ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ክሬዲቱ ይታያል እንጂ መንገዱን አያሳጥርም። ቨርጂኒያ ላላችሁ ትራንስፈር ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ላላችሁ አርትሲስ የሚባሉ የመረጃ ገጾች አሉ፤ ኮርሱ የት ምን ሆኖ እንደሚቆጠር ያሳያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀላል ሲባል ለማን ነው ቀላል? እዚህ ተወልዶ ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ የአሜሪካ ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ቀላል ነው ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ከልጅነቱ የሰማው ነው። ትልቅ ሰው ሆና የመጣች እህታችን ግን ለዚያ ኮርስ በየሳምንቱ ብዙ ገጽ በእንግሊዝኛ ማንበብና ድርሰት መጻፍ አለባት። የሮክ ሙዚቃ ታሪክ የሚባል ኮርስ በብዙ ኮሌጅ በቀላልነቱ ይታወቃል። የዘፋኞቹን ስም ሰምታ ለማታውቅ ሰው ግን እያንዳንዱ ስም ጥናት ነው። በተቃራኒው፣ አገር ቤት 12ኛ ክፍል ሒሳብን በደንብ የተማረች ሰው፣ አሜሪካውያኑ የሚፈሩት የኮሌጅ አልጀብራ ክለሳ ሊሆንላት ይችላል። ለእሷ ቀላሉ ኮርስ ሒሳብ ነው ማለት ነው! ስለዚህ የጓደኛን ቀላል አትዋሱ። ኢንተርኔት ላይ ተማሪዎች መምህሮቻቸውን የሚመዝኑበት ገጽ ስታነቡም ነጥቡን ትታችሁ ስለ ሥራው የተጻፈውን ፈልጉ። ስንት ድርሰት አለ? ፈተናው በምርጫ ነው ወይስ በጽሑፍ?

ከዚያ ሲለበሱን ተመልከቱ። ውጤቱ በሁለት ፈተና ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ አንድ ቀን ልጅ ቢታመም ወይም ሥራ ላይ ተረኛ ቢጎድልና ቢጠሯችሁ ግማሹ ይሄዳል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የቤት ሥራ ያለው ኮርስ አድካሚ ይመስላል፤ እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋዋ ለሆነ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ስህተቷን ቶሎ አይታ ታርማለች። ኦንላይን ኮርስም ቀላል አይምሰላችሁ። የክፍል ሰዓት የለውም ማለት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። በተለምዶ አንድ ክሬዲት በሳምንት የ1 ሰዓት ክፍልና የ2 ሰዓት ጥናት ይጠይቃል። 12 ክሬዲት 36 ሰዓት ነው፤ ሌላ የሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት ነው። ኦንላይን ሲሆን ያን ሰዓት የምታስከብሪው አንቺ ነሽ፤ የሚጠራሽ ደወል የለም።

ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው። ቀላሉን ሁሉ በመጀመሪያ ዓመት አትጨርሱት። ይህ ትልቁ አደጋ ነው። ነርሲንግ የምታስቡ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድን ሳታልፉ ሁለትን አትወስዱም። ሳይንሱና ሒሳቡ እንደ ሰንሰለት አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሰንሰለቱን አንድ ሴሚስተር ማዘግየት አንዳንዴ አንድ ዓመት ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ኮርስ በየሴሚስተሩ አይሰጥምና። በዚያ ላይ ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የሳይንስ ውጤትን ለብቻው ያያሉ፤ በሥዕል ኮርስ ያደገ ጂፒኤ እዚያ አያድንም። በየሴሚስተሩ ከሰንሰለቱ አንድ ከባድ ኮርስ ያዙ፣ አጠገቡ አንድ ቀላል አስቀምጡ። የቀሩትን ቀላሎች ለከባዱ ሴሚስተር አቆዩአቸው። ቤት ውስጥ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ እንዳለ ሁሉ፣ ቀላል ኮርስም መጠባበቂያ ነው።

እናቶች ደግሞ እባካችሁ፣ ልጅ ሐኪም ትሁን ብላችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ካልኩለስ አንድ ላይ አታስጭኗት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ኮሌጅ ያልለመደች ልጅ ሦስቱንም ይዛ አንዱን ብትወድቅ ኤፍ ጂፒኤዋን ያወርደዋል። በመሐል ጥላ ብትወጣም “ደብሊው” ይመዘገባል። ደብሊው ጂፒኤ አይነካም፤ ተሞክሮ ያልተጠናቀቀ ተብሎ ግን ይቆጠራል። ብዙ ኮሌጆች እርዳታው እንዲቀጥል ከተሞከሩት ክሬዲቶች 67 በመቶው መጠናቀቁን፣ ጂፒኤውም 2.0 መድረሱን ይጠይቃሉ። ኮርሱ እንደማይሆን ከታወቀ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ገንዘብ በሚመለስበት ጊዜ ውስጥ፣ መተው ይሻላል። ያ ቀን በኮሌጁ ካሌንደር ላይ አለ፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ስለ አማርኛም ትጠይቁኛላችሁ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ያስተምራል። ፊደል ላልቆጠሩ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ያ ቀላል ኮርስ አይሆንም፤ ለአያታቸው ደብዳቤ መጻፍ ቢችሉበት ግን ምን ይከፋል? አገር ቤት ሃይስኩል የጨረሳችሁ ደግሞ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ቋንቋ ግዴታን ለእንደናንተ ያለው ተማሪ ያነሱለታልና ስፓኒሽ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

እንግዲህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ አማካሪያችሁ ዘንድ ሂዱ። ይህ ኮርስ በዲግሪዬ ውስጥ የትኛውን ቦታ ይሞላል? ወደምዛወርበት ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ምን ሆኖ ይቆጠርልኛል? ከእሱ ጋር የምይዘው ከባድ ኮርስ የቱ ነው? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይቀመጣል። ዲግሪ ኦዲት የሚባለውንም ዝርዝር አሳትማችሁ ያዙ። የሞላውና የጎደለው ቦታ ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል፤ እንደ ባንክ ደብተር ቁጠሩት።

ይህን ወረቀት በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ከሻይ በኋላ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን። ቀደም ብለው የተመረቁ ልጆች ያሏችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁልን ኑ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ብዙ ያውቃሉ።